የሌላዋ ግራናዳ ልጆች፦ የማጎሪያ ካምፑን አደራ የተረከቡ ተማሪዎች



ግራናዳ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን አንደሉስ ነው። የአል-ሐምራእ ቤተ መንግሥት፣ 1492፣ በስፔን ምድር የመጨረሻው የሙስሊሞች ከተማ መውደቅ። የዛሬው ታሪካችን ግን በሌላ ግራናዳ የሆነ ነው። ይህቺኛዋ አሜሪካ ውስጥ፣ በኮሎራዶ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ የምትገኝ፣ አምስት መቶ ያህል ሰው ብቻ የሚኖርባት ትንሽ የገበሬ ከተማ ናት። አውራ ጎዳናው ላይ ቶሎ የሚነዳ ሰው ሳያያት ሊያልፋት ይችላል።

በዚህች ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሙዚየም ያስተዳድራሉ። ሙዚየሙ የሚናገረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከከተማዋ አንድ ማይል ያህል ርቆ ስለነበረ የማጎሪያ ካምፕ ነው። ታሪኩ ዞሮ ዞሮ እኛ ሙስሊሞች ጋ ይደርሳል፤ እንዴት እንደሚደርስ እስከ መጨረሻው አንብቡት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

◆ ወንጀላቸው ፊታቸው ነበር

ዲሴምበር 7 ቀን 1941 የጃፓን የጦር አውሮፕላኖች በሃዋይ የሚገኘውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ደበደቡ። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ገባች። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በተለይም በካሊፎርኒያ፣ ከጃፓን የመጡ ቤተሰቦች ለአሥርት ዓመታት እርሻ እያረሱ፣ ሱቅ ከፍተው እየነገዱ፣ ዓሣ እያሰገሩ ይኖሩ ነበር። ልጆቻቸው የተወለዱትም ያደጉትም እዚያው ነው።

ከጥቃቱ በኋላ ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ ማየት ጀመረ። ጋዜጦች አራገቡት፣ ፖለቲከኞች ድምፅ ሸመቱበት፣ በእርሻ የሚፎካከሯቸው ሰዎችም መሬታቸውን ተመኙት። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። ወረቀቱ ላይ ጃፓን የሚል ቃል አልነበረም። ጦር ሠራዊቱ ከፈለገው አካባቢ የፈለገውን ሰው ማስወጣት ይችላል የሚል ነበር። ሲተገበር ግን በጅምላ የተጠረገው የጃፓን ዘር ያለው ሰው ሆነ።

120 ሺህ ያህል ሰዎች ከቤታቸው ተነቀሉ። ከእነሱ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ክስ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ምስክር የለም። ሽማግሌውም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ አራስ ሕፃኑም እኩል ተጠርጣሪ ሆነ። የተፈቀደላቸው በእጃቸው ተሸክመው መሄድ የሚችሉትን ያህል ዕቃ ብቻ ነው። ሱቃቸውን፣ መኪናቸውን፣ የደረሰ ሰብላቸውን በርካሽ ሸጡ፤ ገዢ ያጣም ጥሎት ሄደ።

ቋሚ ካምፖቹ ተሠርተው እስኪያልቁ ድረስ ለጊዜው የታጎሩት በኤግዚቢሽን ሜዳዎችና በፈረስ መወዳደሪያ ስፍራዎች ነበር። ሳንታ አኒታ በሚባለው የፈረስ መወዳደሪያ ብዙ ቤተሰቦች ፈረሶች በወጡበት ጋጣ ውስጥ አደሩ። ከዚያ በባቡር ተጭነው በበረሃና በሜዳ ወደተሠሩት አሥር ካምፖች ተበተኑ። ከአሥሩ አንዱ ግራናዳ አጠገብ ያለው ነው። ለፖስታ አድራሻ እንዲመች ስሙን አማቺ አሉት።

◆ አማቺ ማን ነበረች?

አማቺ የሻያን ነገድ ተወላጅ የሆነች ሴት ስም ነው። የሻያን ሕዝብ ፈረንጆች ከመምጣታቸው በፊት በዚያ ሜዳ ይኖር የነበረ ነባር ሕዝብ ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 1864 የአሜሪካ ወታደሮች ሳንድ ክሪክ በሚባል ቦታ በሰላም የሰፈሩ የሻያንና የአራፓሆ ሰዎችን ከበው ጨፈጨፉ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንቶች ነበሩ። ከተገደሉት መካከል የአማቺ አባት አንዱ ነው።

እንግዲህ ተመልከቱ። አባቷ በግፍ የተገደለባት ሴት ስም፣ ሰማኒያ ዓመት ሳይሞላ፣ ሌሎች ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ለሚታሰሩበት ካምፕ መጠሪያ ሆነ። ስሙን የሰጡት ሰዎች ይህን ያሰቡበት አይመስልም። ያልተወራ ግፍ እንዲህ ነው፤ ስሙ ሲቀር ትርጉሙ ይጠፋል። ትርጉሙ ሲጠፋ ደግሞ እዚያው መሬት ላይ ሌላ ግፍ ሲሠራ ቆም ብሎ የሚያስብ አይገኝም።

◆ በሽቦው ውስጥ

አማቺ በኦገስት 1942 መጨረሻ ተከፈተ። ከአሥሩ ካምፖች በሕዝብ ብዛት ትንሹ ቢሆንም፣ ሞልቶ በነበረበት ጊዜ 7,318 ሰው ነበረበት። በጠቅላላው ከአሥር ሺህ በላይ ሰዎች አልፈውበታል። ዙሪያውን እሾሃማ ሽቦ፣ በየጥጉ የጥበቃ ማማ፣ ማማው ላይ መሣሪያ የያዘ ወታደር።

መኖሪያው በረጃጅም የእንጨት ቤቶች የተሠራ ሲሆን እያንዳንዱ ቤት በክፍል በክፍል ተከፋፍሏል። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል። ክፍሉ ውስጥ የብረት አልጋዎች፣ አንድ ምድጃና አንድ አምፖል። ነፋስ ሲነሳ አሸዋው በስንጥቁ ገብቶ አልጋውን ይሸፍናል። ምግብ የሚበላው በሰልፍ፣ በጋራ አዳራሽ ነው። መጸዳጃውና መታጠቢያውም የጋራ ነው። መጀመሪያ ላይ በካምፖቹ መጸዳጃ ቤቶች መካከል መከለያ ስላልነበረ ሴቶች እኩለ ሌሊትን እየጠበቁ ይሄዱ እንደነበር የታሰሩት ሰዎች ተናግረዋል። ሐያእ ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ያም ሆኖ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ደረቁን መሬት አልምተው አትክልት አመረቱ። ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣ፣ የኅብረት ሱቅ አቋቋሙ። ዛፍ ተከሉ፤ በየደጃፋቸው ትንንሽ የአትክልት ቦታ ሠሩ። ከዓመታት በኋላ የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች አፈሩን ሲቆፍሩ የእነዚያን የአትክልት ቦታዎች ቅሪት አግኝተዋል። ለአንድ ሌሊት እንኳ በፈቃዱ ያላደረበትን ቦታ የሰው ልጅ እንዲህ አድርጎ ያሳምረዋል።

በካምፑ ውስጥ የሕትመት ሥራ ቤትም ነበር። እዚያ የሚሠሩት እስረኞች ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ፖስተር ያትሙ ነበር። ይህም ብቻ አይደለም፤ ከካምፑ ብዙ ወጣቶች ወጥተው በአሜሪካ ጦር ውስጥ ተዋግተዋል፤ 31 ያህሉ ሞተዋል። የልጃቸው ሞት መርዶ ለእናት የደረሳት የዚያው መንግሥት ወታደር በሚጠብቀው ሽቦ ውስጥ ነበር። ሌሎች ወጣቶች ደግሞ ቤተሰቦቻችንን መጀመሪያ ፍቱ ብለው አልዘምትም አሉ። እነሱ ወደ ወህኒ ቤት ወረዱ።

◆ አንድ አገረ ገዥ

በዚያን ጊዜ ከሥልጣን ሰዎች መካከል በግልጽ የተቃወመ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። የኮሎራዶው አገረ ገዥ ራልፍ ካር ግን ተቃወመ። የሌሎች ግዛቶች አገረ ገዥዎች እነዚህን ሰዎች ወደ እኛ እንዳታመጡብን ሲሉ፣ እሱ ዜጎች ናቸው፣ ሕገ መንግሥቱ ለእነሱም ነው አለ። በአደባባይ ወጥቶ ሕዝቡን ሰደበብኝ ሳይል መከረ። በዚያው ዓመት ለሴኔት ተወዳደረና ተሸነፈ። በ1950 ሞተ። ዛሬ የኮሎራዶ ትልቁ የፍትሕ ሕንፃ በስሙ ይጠራል።

አላህ በቁርኣኑ፣ በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 8፣ ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ፍትሕን ወደ መተው እንዳይነዳን ያዘናል። ካር ይህን አንቀጽ አላነበበ ይሆናል። ቁርኣን የሚያነበው ሰው ግን ከእሱ ያነሰ ፍትሕ ሊኖረው አይገባም።

◆ ዝምታው

አማቺ በኦክቶበር 15 ቀን 1945 ተዘጋ። ቤቶቹ ተሸጡ፣ ተነቃቀሉ። ከዚያ ሁሉ ሰፈር የቀረው የሲሚንቶ መሠረት፣ የተከሏቸው ዛፎችና መቃብራቸው ነው። ሣሩ ሁሉንም ሸፈነው።

የታሰሩት ሰዎችም ዝም አሉ። ብዙዎቹ ወላጆች ለልጆቻቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ያለ ጥፋት መታሰር ራሱ እንደ ነውር ይሰማቸው ነበር። ልጆቻቸው አድገው የዜጎች መብት ትግል በተቀጣጠለበት ዘመን ጥያቄ መጠየቅ ሲጀምሩ ነው ዝምታው የተሰበረው። በዓመት አንዴ ወደ ካምፖቹ ፍርስራሽ የመታሰቢያ ጉዞ ማድረግ ተጀመረ። መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን በ1983 ባወጣው ውጤት የእስሩ መነሻ የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ድንጋጤና የመሪዎች ድክመት እንጂ ወታደራዊ አስፈላጊነት እንዳልነበረ ገለጸ። በ1988 መንግሥት በሕግ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር ተከፈለ። ብዙዎቹ ግን ይህን ሳያዩ ወደ መቃብር ወርደው ነበር።

◆ መምህሩና ተማሪዎቹ

ይቅርታው ከተጠየቀ በኋላም የአማቺ ምድር ባለቤት አጥቶ ነበር። በ1993 በግራናዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር የነበረው ጆን ሆፐር ተማሪዎቹን ይዞ ስለ ካምፑ ማጥናት ጀመረ። የመማሪያ መጽሐፉ ስለ ሩቅ አገር ጦርነት ሲተርክ፣ ታሪኩ ግን ከትምህርት ቤታቸው በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ በሣር ተሸፍኖ ነበር።

ተማሪዎቹ በካምፑ ታስረው ለነበሩ ሰዎች ደብዳቤ ጻፉ፤ የሚያስታውሱትን ጠየቁ። ሰዎቹም መለሱ። ለገዛ ልጆቻቸው ያልነገሩትን ለማያውቋቸው የገጠር ልጆች የነገሩም ነበሩ። ከዚያ ዕቃዎች መምጣት ጀመሩ፤ ፎቶግራፎች፣ ደብዳቤዎች፣ በካምፑ ውስጥ በእጅ የተሠሩ ነገሮች። የክፍል ሥራ የነበረው አድጎ የአማቺ ጥበቃ ማኅበር ሆነ፤ በከተማዋም ሙዚየም ተከፈተ።

ሥራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መቃብሩን ያጸዳሉ። ሣሩን ያጭዳሉ። እንግዳ ሲመጣ ያስጎበኛሉ። ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሄደው ያስረዳሉ። በየዓመቱ በሜይ ወር ሽማግሌዎቹ ከነልጅ ልጆቻቸው ለመታሰቢያ ሲመጡ ተማሪዎቹ ይቀበሏቸዋል፣ ያስተናግዷቸዋል። ከአርኪዮሎጂ ባለሙያዎቹ ጋር አፈር ይቆፍራሉ። አንድ ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ ታናሹ ይረከበዋል። ይህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። ካምፑ ላይ የጥበቃ ማማና አንድ መኖሪያ ቤት እንደ ድሮው ሆነው እንደገና ቆመዋል።

እነዚህ ልጆች በአብዛኛው ከጃፓን ዘር ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም። የሚጠብቁት የራሳቸውን አያቶች ታሪክ አይደለም። እንዲያውም የአገራቸውን ጥፋት ነው የሚናገሩት፤ ያውም በገዛ ከተማቸው ደጃፍ የተፈጸመውን። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 135 በራሳችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆንም እንኳ ለሐቅ እንድንመሰክር ያዘናል። የዚህ ትእዛዝ ክብደት የሚገባን ሰው ሲሠራው ስናይ ነው።

በ2022 የአማቺ ምድር ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ እንዲሆን ሕግ ተፈረመ። የመሬቱ ባለቤት የነበረችው ትንሿ ግራናዳ መሬቱን ለብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሰጠች፤ በፌብሩዋሪ 2024 በይፋ ተቋቋመ። ለዚህ ያበቃው በየሳምንቱ ማጭድና መጥረጊያ ይዘው የሄዱ ልጆች ድካም ነው።

◆ ይህ ለኛ ምናችን ነው?

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ኒውዮርክና ዋሽንግተን ላይ ጥቃት ሲደርስ በአሜሪካ የሚኖሩ ሙስሊሞች በአንድ ሌሊት ተጠርጣሪ ሆኑ። ሒጃብ የለበሰች እህት መንገድ ላይ ተሰደበች። መስጂዶች ጥቃት ደረሰባቸው። ሙስሊሞቹን ሰብስቡና ዝጉባቸው የሚል ድምፅም ተሰማ።

በዚያ ቀን የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስትር ኖርማን ሚኔታ የሚባል ሰው ነበር። ሚኔታ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ሃርት ማውንቴን በሚባለው ካምፕ ታስሯል። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ወደ ባቡሩ ሲወጣ ወታደሮች የቤዝቦል ዱላውን መሣሪያ ነው ብለው እንደቀሙት ራሱ ተርኳል። ይህ ልጅ አድጎ ሚኒስትር ሆኖ፣ የአውሮፕላን ጉዞ ሁሉ በእሱ እጅ በነበረበት ሰዓት፣ አየር መንገዶች ተሳፋሪን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ለይተው እንዳያግዱ መመሪያ አስተላለፈ። ካቢኔው ውስጥ የ1942ን ግፍ በገዛ ሰውነቱ የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ ነበር።

ሌላው ፍሬድ ኮሬማትሱ ነው። በ1942 ወደ ካምፕ አልሄድም ብሎ ተይዞ የተፈረደበት ወጣት ነው። በ1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደበት። በ1983 መንግሥት ማስረጃ መደበቁ ተረጋግጦ ቅጣቱ ተሻረለት። ኮሬማትሱ በሰማኒያዎቹ ዕድሜው ውስጥ እያለ፣ ጓንታናሞ ውስጥ ያለ ክስ ለታሰሩ ሙስሊሞች ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የድጋፍ ጽሑፍ በስሙ እንዲቀርብ አደረገ። ለማያውቃቸው፣ በሃይማኖት ለማይገናኛቸው ሰዎች!

በሎስ አንጀለስም የጃፓን ተወላጆች ከሙስሊሞች ጎን ቆሙ። በረመዷን አብረው ተቀምጠው ኢፍጣር የሚያፈጥሩበት መርሐ ግብር ጀመሩ። ማንዛናር ወደሚባለው ካምፕ በየዓመቱ በሚደረገው ጉዞም ሙስሊሞች አብረው መሄድ ጀመሩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ሙሉ እንናገር። ይህ ሁሉ ዙልሙን አላስቀረም። ከ2002 ጀምሮ ከ25 አገሮች የመጡ ወንዶች እየቀረቡ አሻራ እንዲሰጡና እንዲመዘገቡ ተደረገ። ከሰሜን ኮሪያና ከኤርትራ በቀር አገሮቹ አብዛኛው ሕዝባቸው ሙስሊም የሆነ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ሶማሊያና ሱዳንም ነበሩበት። በ2018 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሶማሊያን ጨምሮ በአብዛኛው የሙስሊም አገሮች ላይ የተጣለውን የጉዞ እገዳ አጸደቀ። የሚገርመው፣ በዚያው ውሳኔ ላይ የኮሬማትሱ ፍርድ ትልቅ ስህተት እንደነበር ጽፏል። የትናንቱን ግፍ ማውገዝ ቀላል ነው። ፈተናው የዛሬውን ማየት ነው።

ቢሆንም እንደ 1942 መቶ ሺዎች በባቡር ተጭነው በረሃ አልተጣሉም። በ1942 ዝም ያሉት ብዙ ነበሩ። በ2001 ግን ቀድሞ የተገፋ ሕዝብ ምስክር ሆኖ ቆሟል። ምስክርነት የሚቆመው ደግሞ ታሪኩን የሚጠብቅለት ሰው ሲኖር ነው።

◆ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ያንተስ አማቺ የት ነው?

በከተማችን የምናልፍባቸው ያረጁ መስጂዶች፣ ዑለማዎች ያስተማሩባቸው ዛዊያዎች፣ የተረሱ መቃብሮች አሉ። በእጅ የተጻፉ ኪታቦች በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ምስጥ እየበላቸው ነው። በሐረር አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የከተማውን ቅርስ መሰብሰብ የጀመሩት በመኖሪያ ቤታቸው ነው። የሰበሰቡት ዛሬ ትልቅ ሙዚየም ሆኖ ከየአገሩ ሰው ይጎበኘዋል። እሳቸውም ሲጀምሩ ማንንም አልጠበቁም።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ በኋላ አንድ ነገር እናድርግ። በዚህ ሳምንት አንድ አዛውንት ጋ ሂድ። አያትህ፣ የመስጂዱ ሙአዚን፣ የሰፈሩ ሼህ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰላምታህን አቅርብ፣ ፈቃድ ጠይቅ፣ ስልክህን መቅጃው ላይ አድርግ። የት እንደተማሩ፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ ምን ችግር እንዳዩ፣ ማን እንደረዳቸው ጠይቅ። አታቋርጥ። ቀኑንና ቦታውን ጽፈህ ያዝ። አንዱን ቅጂ ለቤተሰባቸው ስጥ። በመስጂዳችሁ ወይም በመድረሳችሁ አንዲት መደርደሪያ ለምኑና እዚያ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ዓመት ታናሽህ ይረከብህ።

ሽማግሌዎቹ የሚነግሩህ የኛ ሰው ስለተበደለው ብቻ አይሁን። ሌላው ሲበደል ማን ዝም እንዳለ፣ ማንስ በሩን እንደከፈተ ጠይቅ። የራስን ቁስል ብቻ የሚያስታውስ ሰው ቂመኛ ይሆናል። የጎረቤቱንም የሚያስታውስ ግን ለሁሉም ይደርሳል። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት የተበዳይ ዱዓ በእሱና በአላህ መካከል ግርዶ እንደሌለው ነው። የማን ተበዳይ ብለው አልለዩም።

የግራናዳ ልጆች ነገም ማጭዳቸውን ይዘው ወደ አማቺ ይሄዳሉ። እኛስ?

አላህ ሐቅን የምንመሰክር፣ አደራን የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ጽሑፉ ጠቃሚ መስሎ ከታያችሁ ለጓደኞቻችሁ አጋሩት። በአካባቢያችሁ የሚታወቅ፣ ያልተጻፈ ታሪክ ካለ ደግሞ ጻፉልን።